የማግኔት ሕክምና ለድባቴ፦ ከደሴ ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ታናሽ እህትሽን ድባቴ ከያዛት ቆይቷል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዳ ብዙም አልተሻላትም። አሁን ቤተሰቡ መሬት ሸጦ ለማግኔት ሕክምና ሕንድ ሊወስዳት እየመከረ ነው። ያምማል ወይ? ያስረሳል ወይ? ይሠራል ወይ? ብለሻል። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አሜሪካ እያለሁ ይኸው ሕክምና ተደርጎልኛል። አብሽሪ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። ይሄ ሕክምና ሰው «ኮረንቲ» የሚለው አይደለም። ያኛው በማደንዘዣ ተኝተው የሚሰጥ ነው (እሱም ብዙ ሰው አድኗል፣ ስሙ ነው የጠፋው)። ይሄኛው ግን ነቅተሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነው። ከግንባር በላይ በስተግራ በኩል ጥቅል ሽቦ ያለበት መሣሪያ ጭንቅላት ላይ ይደገፋል። ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ብልጭ ሲል ማግኔት ይፈጠራል። ማግኔቱ የራስ ቅሉን አልፎ ከሥሩ ያሉትን የአንጎል ሴሎች ይቀሰቅሳል። መርፌ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ትዝታም አይወስድም። ሲያልቅ ተነስተሽ መሄድ ነው። አዲስ ሙከራም አይደለም። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ተጀመረ። በ2008 ደግሞ አሜሪካ መድኃኒት ላልሠራላቸው የድባቴ ታማሚዎች ፈቀደችው።

የመጀመሪያው ቀን ይረዝማል። የሚለኩት አውራ ጣትን ነው። መሣሪያውን ቦታ ቦታ እየቀያየሩ ሲተኩሱ በድንገት የቀኝ አውራ ጣትሽ ራሷ ትዘላለች። እኔ ደንግጬ ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቅኩ እንጃ። ጣቷን ለማንቀሳቀስ የሚበቃውን ኃይል አይተው ለአንቺ የሚሆነውን መጠን ይወስናሉ።

ከዚያ ወዲያ ያው ነው። በተለመደው አሠራር ለ4 ሰከንድ ይመታል፣ ለ26 ሰከንድ ያርፋል፤ እንዲህ እያለ 40 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። በ3 ደቂቃ የሚያልቅ አዲስ ዓይነትም አለ። ድምፁ የደሴ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣሉ። ያምማል ወይ ላልሽው፣ አዎ ትንሽ ያምማል። ቆዳውን ይነካካል፣ ቅንድብ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ጥርስ ድረስ ይሰማል። የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ያመኝ ነበር፤ ፓራሲታሞል አስታገሰው። ሲያምማት ዝም እንዳትል። መሣሪያውን ትንሽ ሲያዘነብሉት ወይም ኃይሉን ሲቀንሱት ይለያል። የኛ ሰው ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል።

የሚከብደው ግን ማሽኑ አይደለም። ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው በየቀኑ አንስቶ ማድረስ ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ገደማ። እሷን ሕንድ ይዞ የሚቆየው ማን ነው? ቤት ኪራዩስ? ምግቡስ? ሁለት ሳምንት ሄዶ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ መመለስ ብሩን መበተን ነው፤ ብዙ ሰው ለውጥ የሚያየው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ ነውና። ለውጡም መብራት እንደሄደበት ሰፈር ድንገት ቦግ አይልም። እኔ ራሴ አላወቅኩትም። እናቴ ናት ከኮምቦልቻ ደውላ «ዛሬ ድምፅሽ ውስጥ ሰው አለ» ያለችኝ።

ይሠራል ወይ? መድኃኒት እምቢ ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በደንብ ይሻላቸዋል፤ ሲሶ ያህሉ ምልክቱ ጨርሶ ይጠፋላቸዋል። የቀሩት ብዙም አይለወጡም። ይህን መሬቱ ሳይሸጥ በፊት ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። የተሻለውም ሰው ከወራት በኋላ ሊመለስበት ይችላል፤ ያኔ ይደገማል።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እህትሽ እነዚያን ሁለት መድኃኒቶች በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ጊዜ ነው የወሰደችው? የድባቴ መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ተውጦ «ያፈዛታል» ተብሎ ይቆማል። ወይ ጸበል ስትገባ ያስጥሏታል። ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ክኒኑን ግን እንዳታስቆሟት። እንዲያ ከሆነ የሆነው፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመልሼ መጠኑን አስተካክሉልኝ፣ ሌላ ሞክሩልኝ፣ ታይሮይድም መርምሩልኝ እላለሁ። መሬቱ የትም አይሄድም። መድኃኒቱ በደንብ ተሞክሮም ካልሠራ ግን ማግኔቱ መሞከር ያለበት ነገር ነው፤ እኔ አልተጸጸትኩም።

የምትሄዱ ከሆነ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና የወሰደችበትን ጊዜ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ጽፎ ይስጣችሁ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሆስፒታሉንም አስቀድማችሁ ሙሉ ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሆነና ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ። የአንድ ቀን ዋጋ ብቻ የሚነግር ካለ ተጠንቀቁ።

አሁን ደግሞ የማይቀለድበት። ጭንቅላት ወይም አንገት አካባቢ ብረት ያለበት ሰው ይህን ሕክምና በቀላሉ አይወስድም። የደም ሥር መቆንጠጫ፣ የጆሮ ውስጥ መስሚያ መሣሪያ፣ የጥይት ወይም የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ። በ2014ቱ ጦርነት ፍንጣሪ አግኝቷት ከሆነ፣ ትንሽም ብትሆን ትናገር። የጥርስ ሙሌት ችግር የለውም። የሚጥል በሽታ ካለባትም ትናገር፤ ሕክምናው ከሺህ ሰው ከአንድ በታች ቢሆንም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ አደጋውን ይጨምራሉ። ጫት ከቃመችም ሐኪሙ ይወቅ። የወሎ ልጅ መሆኗን እዚያ ማንም አያውቅም፣ ራሷ ካልተናገረች ስለ ጫት አይጠይቋትም።

እና እህቴ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ቪዛ አትጠብቁ። ማግኔት ሳምንታት ይፈጃል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ብቻዋን አትተዋት፣ ክኒኑንም እናንተ ያዙት።

ሹሩባዋን ከመሄዷ በፊት ፍቱላት። ወፍራም ሹሩባና ዊግ መሣሪያውን ከራስ ቅል ያርቀዋል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። የጆሮ ጌጥና የፀጉር ፒንም ይወልቃል። የቀረ ጥያቄ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ማታ ማታ ነው የማየው።