ማርሚታ ከቀየርኩ በኋላ ሞተሬ መተኮስ ጀመረች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሰራች ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል አለችኝ፣ ካርቡሬተሯም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ሁለት ነው። ኦሪጅናል ማርሚታዎቿን ከስር ዝገት በልቷቸው ስለነበር ሌላ ፋብሪካ የሰራቸው አጠር ቀለል ያሉ ማርሚታዎች ገዝቼ ገጠምኩላት። ድምጿ ደስ ይላል ግን ጋዝ ስለቅ ጧ ጧ እያለች ትተኩሳለች፣ ከሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት ከምትዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ ጋዝ ስሰጣት ደግሞ ትንሽ ታመነታና ነው የምትነሳው። ጓደኛዬ ትልቁን ጄት (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በመሰርሰሪያ ሰፋ አድርገው ይለቃታል አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ በፍጹም እንዳታደርገው! የጄት ቀዳዳ በጣም በጥንቃቄ የተለካ ነገር ነው፣ ቁጥሩም ላዩ ላይ ተጽፏል፣ 110፣ 112.5፣ 115 እያለ ይሄዳል። መሰርሰሪያ ከገባበት በኋላ ያ ቁጥር ምንም አይነግርህም፣ አልሆነም ብለህ ልመልሰው ብትልም መመለሻ የለውም። ደግሞ የነገርከኝ ችግር ትልቁ ጄት ጋ አይደለም ያለው። ትልቁ ጄት በደንብ የሚሰራው ጋዙን ከሶስት አራተኛ በላይ ስትከፍት ነው፣ አንተ ያልከኝ ግን ጋዙ ሲዘጋና ገና ሲከፈት ነው፣ እዛ ላይ የሚሰራው ትንሹ ጄትና የሚክስቸር ብሎኗ (የቤንዚንና የአየሩን መጠን የምታስተካክለው) ናት፣ መሃሉን ደግሞ መርፌዋ (ጋዝ ስትሰጥ ከፍ እያለች ቤንዚን የምታሳልፈው) ትይዘዋለች። ይቺን ነገር ከያዝክ ግማሹን ስራ ጨረስክ ማለት ነው፣ እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሶስት አራተኛ ብለህ ምልክት አድርግበት፣ እየነዳህ ችግሩ የትኛው ምልክት ላይ እንደሚመጣ ራሷ ታሳይሃለች።

ካርቡሬተሩን ከመንካትህ በፊት ግን አየር ሾልኮ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለ ፈልግ። ጋዝ ስትለቅ የሚተኩሰው ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ስለሚቀጣጠል ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ከውጭ አየር ይስብና ይብሳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጄት ስቀያይር ከርሜ በመጨረሻ ጭስ ማውጫው ከሲሊንደር ራስ ጋር የሚገናኝበት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር የጥላሸት መስመር አየሁ፣ የድሮውን ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ማሸጊያ) መልሼ ስለገጠምኩት ነበር፣ በአዲስ ስቀይረው ተኩሱ ጠፋ። አንተም አዲስ ጓርኒሲዮን አድርግ፣ ዳዶዎቹን ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቃቸው፣ የዛገ ካለ በጉልበት እንዳትታገለው፣ ዘይት ረጭተህ አሳድረው፣ ብሎኑ ሲሊንደር ራስ ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል ያለውንም ጎማ ጠምዘዝ እያደረግክ እየው፣ በዚህ እድሜ ጎማ ይሰነጠቃል።

አየር የሚገባበት ከሌለ ወደ ሚክስቸር ብሎኗ እንሂድ። አሜሪካ ከ1978 ሞዴል ጀምሮ ለሞተር ሳይክል ጭስ ገደብ ስላወጣች የዛ ዘመን ሞተሮች ብዙዎቹ ሚኒሞ ላይ ቤንዚን ቀንሰው ነው የሚወጡት፣ ብሎኗንም ማንም እንዳይነካት በነሐስ ክዳን የደፈኑባት አሉ። ጭስ በቀላሉ የሚያሳልፍ ማርሚታ ሲገጠም ያቺው ትንሽ ቤንዚን ጭራሽ አልበቃ ትላለች፣ ማመንታቱ ከዛ ነው። ብሎኗ በሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፣ ስትፈታት ይጨምራል፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነች ግን አየር ነው የምትቆጣጠረው፣ ስትፈታት ቤንዚን ያንሳል። ይሄን ገልብጠው ይዘው ቀኑን ሙሉ የሚለፉ ሰዎች አይቻለሁ። መጀመሪያ ዙሩን እየቆጠርክ ቀስ ብለህ እስክትቆም አስገባት፣ ቁጥሩን ጻፈው፣ አታስጨንቃት ጫፏ ቀጭን ናት። ከዛ ወደ ነበረችበት መልሰህ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሩብ ሩብ ዙር እያልክ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ፈልግ፣ ሁለቱም ካርቡሬተር ላይ። ቤንዚን የምትቆጣጠረው ሆና ሶስት ዙር ከፍተህም ካልበቃት ትንሹን ጄት በአንድ ቁጥር አሳድገው።

መሃል ላይ የምትደክም ከሆነ መርፌዋን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋት፣ መርፌዋን የሚይዛትን ክሊፕ ወደ ታች ስታወርደው መርፌዋ ትወጣለች፣ ክሊፕ የሌላት ከሆነች ቀጭን ሮንዴላ ከስሯ ታስገባለህ።

ትልቁን ጄት መጨረሻ ላይ ነው የምታየው፣ እሱንም በካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት በሚያስነሳው)። አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሙሉ ጋዝ ጥቂት ሰከንድ ነድተህ ፍሪሲዮን ያዝና ወዲያው ሞተሩን አጥፋ፣ ፈትተህ እየው። ነጩ ሴራሚክ ቡናማ ነገር ከያዘ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ዱቄት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የተቃጠለ አጥንት መስሎ ከነጣ ግን ቤንዚን አንሷታል ማለት ነውና በዛ ሁኔታ ረጅም መንገድ እንዳትነዳት፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተን ይበሳል። አንድ ቁጥር ጨምረህ እንደገና ሞክር።

ሲያልቅ ሁለቱን ካርቡሬተሮች በቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሚለካው መሣሪያ) አስተካክላቸው፣ አንዱ ከአንዱ ከቀደመ እስካሁን የለፋህበት አይታይም።

ጥያቄ፦ ማርሚታው ውስጥ ያለውን ባፍል (ድምጽ የሚያፍነውን ክፍል) ባወጣው ጉልበት ይጨምራል? ሞተር ኋላ ግፊት ያስፈልገዋል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ጉልበት አይጨምርልህም፣ ድምጽ ነው የሚጨምረው። ሞተሩ ግፊቱን ራሱን አይፈልገውም፣ ግን የቧንቧው ርዝመትና ውፍረት የጭሱን ሞገድ መልሶ ቫልቩ ጋ የሚያደርስበት ሰዓት አለው፣ ባፍሉን ስታወጣው ያ ይዛባና ብዙ ጊዜ ዝቅተኛና መካከለኛ ፍጥነት ላይ ትደክማለች፣ ካርቡሬተሩንም ሀ ብለህ ማስተካከል ሊኖርብህ ነው። ተወው፣ ባለበት ይሁን።