የዳታቤዝ ቅንብር ለምን ከምናሌው ላይ ጠፋ?

ጥያቄ፦ ኮዲ የተባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም በሦስት መሣሪያዎች ላይ እጠቀማለሁ። በአንዱ የጀመርኩትን ፊልም በሌላው ካቆምኩበት ለመቀጠል፣ ሦስቱም በሰርቨር ላይ የሚቀመጥ አንድ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) እንዲጋሩ ፈለግሁ። የቅንብሩን ደረጃ እስከ መጨረሻው «ኤክስፐርት» ከፍ ባደርግም የዳታቤዝ ነገር በምናሌው የለም። ፋይል ጽፌ ሞከርኩ፤ ኮዲ ግን ጨርሶ ያየው አይመስልም። ይህን ያህል ተፈላጊ ነገር ምናሌ ላይ የማይወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የፋይሉን ነገር እናጥራ፤ በእርግጥም ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ኮዲ የሚፈልገው «አድቫንስድሴቲንግስ» የተባለውን የኤክስኤምኤል ፋይል ሲሆን፣ ስሙ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ተያይዞ መጻፍ፣ ቦታውም «ዩዘርዳታ» የተባለው አቃፊ መሆን አለበት። በኖትፓድ ሲያስቀምጡት ብዙ ጊዜ ከኋላው «ቲኤክስቲ» የሚል ሁለተኛ ቅጥያ ይለጠፍበታል፤ ዊንዶውስ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ ስሙ ለእርስዎ ትክክል መስሎ ይታያል፣ ለኮዲ ግን ሌላ ፋይል ነው። ስሙ ትክክል ከሆነ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ሳይዘጋ የቀረ ምልክት (ታግ) እንዳለ ይመልከቱ፤ አንድ መዝጊያ ከጎደለ ኮዲ የተሳሳተውን መስመር ብቻ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል። የሚያነበውም ሲነሣ ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ዘግተው ይክፈቱት፤ ማንበብ አለማንበቡን ኮዲ የሠራውን ከሚመዘግብበት የሎግ ፋይል ያገኙታል።

ከፋይል ወደ ምናሌ መሸጋገር እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 21ኛው እትም፣ ቀድሞ በዚሁ ፋይል ይስተካከል የነበረው የካሽ (ቪዲዮ ሲጫወት አስቀድሞ የሚጠራቀመው ዳታ) መጠን ወደ ምናሌው ገብቷል። ዳታቤዝ ግን ከካሽ ይለያል። የካሽ መጠን ቢሳሳት ቢበዛ ቪዲዮው ይቆራረጣል፤ በሰርቨሩ አድራሻ ላይ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ግን የፊልም ማውጫው ባዶ ሆኖ ስለሚታይ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው የቀድሞው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ሳይነካ እያለ ተጠቃሚው የዓመታት ስብስቡ የጠፋ ይመስለዋል።

ስለዚህ በእኔ እምነት የአድራሻ፣ የፖርት፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መሙያዎችን ምናሌው ላይ መደርደር ቀላሉ ሥራ ነው (ረጅም የይለፍ ቃል በሪሞት ፊደል በፊደል መልቀም የሚያሰለች መሆኑን ሳንረሳ)። ከባዱ ሥራ ግንኙነቱን የሚሞክር ቁልፍ ማበጀት፣ ሙከራው ሲከሽፍ ሰርቨሩ ስላልተገኘ ይሁን የይለፍ ቃሉ ስላልሠራ ለይቶ መናገር፣ እስኪሳካም ድረስ የቀድሞውን ዳታቤዝ አለመልቀቅ ነው። ይህ ሳይኖር መሙያዎቹ ብቻ ቢመጡ እኔ ፋይሉን እመርጣለሁ፤ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ቢያንስ ምን እየነካ እንደሆነ ያውቃል።

ምናሌ ቢመጣም የማይፈታቸው ነገሮች አሉ። ፊልሞቹ በሦስቱም መሣሪያዎች ላይ በአንድ ዓይነት የኔትዎርክ አድራሻ መመዝገብ አለባቸው፤ በአንዱ ኮምፒውተር ዲስክ አድራሻ የተመዘገበን ፊልም ሌላው ሊያጫውተው አይችልም። ሦስቱም አንድ ዋና እትም ይጫንባቸው፤ 20ኛው እትም በ121 ቁጥር፣ 21ኛው በ131 ቁጥር የተለየ የቪዲዮ ዳታቤዝ ስለሚከፍቱ፣ አንዱን ብቻ ካሻሻሉት ያቆሙበትን ቦታ መጋራት ያቆማል። ለኮዲ የሰጡት የማይኤስኪውኤል ተጠቃሚም አዲስ ዳታቤዝ የመፍጠር ፈቃድ ከሌለው ማሻሻያው ራሱ አይሳካም።