ላፕቶፑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ አውጥቶላችኋል

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአደጋ መከላከል ሥራ ላይ ያለ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ታኅሣሥ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ ከክሎሪን ሲሊንደር ቫልቭ ጋዝ ሾለከ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ቀላል ነበር። አሎሃን፣ የጋዝ ስርጭት የሚያሰላውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ከፍተን አሰላን። ቢጫው ክልል፣ ማለትም ቀላሉ የጉዳት ክልል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አለቀ። ከዚያ አልፎ ግን ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው ረባዳ ላይ ያሉ ሰዎች ሲያስሉና ዓይናቸው ሲያነባ አገኘናቸው። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን? አጥፍተን እንደገና እንጫነው?»

ተዉት፣ ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም። ማታ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ቀላል ነፋስ፤ ከዚህ ጋር አጭር ቢጫ አይሄድም። ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ቢጫው ለክሎሪን የሚያበቃው 0.5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር ግማሽ እጅ) ላይ ነው፣ አፍንጫ ደግሞ ከዚያም በታች ይሸተዋል። ሳልና እንባ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነው።

የላካችሁትን የስክሪን ፎቶ አሰፋሁት። ጥግ ላይ «4:07 ፒኤም» ይላል። ይኸው ተገኘ! ያ ላፕቶፕ የሐበሻ ሰዓት ተሞልቶለታል። ከእናንተ በፊት የነካካው «ባለሙያ» እንዲቀላችሁ ብሎ ይሆናል። ለእናንተ ከምሽቱ 4 ነው፤ ለአሎሃ ግን 16 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ከኮምፒዩተሩ ይወስዳል፣ ከዚያ ፀሐይዋ የት እንዳለች ያሰላል። በጨለማ ፀሐይ አወጣላችሁ።

ይህ ለምን ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታኅሣሥ ማታ ከቤት ወጥታችሁ የኩበት ጭስ እዩ። ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ይልና ይደክመዋል። ከዚያ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ሰፈሩን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። ያንኑ ጭስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብታዩት እየተጥመለመለ ሽቅብ ይበተናል። ልዩነቱ የመሬቱ ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ ደግሞ የነካውን አየር ያሞቃል። የሞቀው ይነሣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ እንደሚፈላ ሽሮ ይገለባበጣል። እዚያ ውስጥ የገባ ጋዝ ቶሎ ይሳሳል። ማታ ደመና ከሌለ ግን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ይበርዳል። ከሥር ያለው አየርም ከላይኛው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከባዱ ከታች ተኝቷል፣ ቀላሉ ከላይ ከድኖታል፤ የሚያማስለው የለም። ጋዙ ሳይሳሳ፣ እንደ ቀጭን ምላስ ተለጥጦ ሩቅ ይሄዳል። አሎሃ ይህን ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰይመዋል፤ ኤ በጣም የሚገላበጠው፣ ኤፍ ደግሞ ድርቅ ብሎ የተኛው ነው። ያን ማታ ኤፍ መሆን ነበረበት። የእናንተ ፎቶ ላይ ቢ ይላል። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የሚያወጡት ብርቱካናማው የአደጋ መመሪያም ለክሎሪን የቀንና የሌሊት ርቀት ለየብቻ ያስቀመጠው፣ የሌሊቱን ያረዘመው ለዚሁ ነው።

አሁን የላፕቶፑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሙሉት። በእጅ የምታስገቡ ከሆነ የቀኑ ሰዓት ላይ 6፣ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ደምሩ፤ ከምሽቱ 4 ማለት 22 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ 6 ቀንሱ። ወሩንም እዩት። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው ብሎ 4 የሚጽፍ አይቻለሁ፤ ፕሮግራሙ ኤፕሪል ብሎ ያነበዋል። ቦታው ላይ ከፍታውን ወደ 2,800 ሜትር፣ ኬንትሮሱን 39.5 ምሥራቅ አድርጉ። ምዕራብ ላይ ከተተወ ደብረ ብርሃን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ አስሉና የጽሑፍ ማጠቃለያው ላይ ፊደሉን ፈልጉ። ጥርት ባለ ሌሊት፣ በ2 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ኤፍ ካላለ ውጤቱን አትመኑት።

ሰዓቱ ቢስተካከልም የማይስተካከል ነገር አለ። አሎሃ ምድሩን ሁሉ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ያስባል። ከፍታውን የሚጠይቃችሁ ለአየሩ ግፊት እንጂ ለገደሉ አይደለም። ክሎሪን ከአየር 2 እጥፍ ተኩል ይከብዳል፤ የሌሊት ቀዝቃዛ አየርም እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ሁለቱ ተያይዘው የሚወርዱት ወደ በሬሳ ነው። በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል ደግሞ ገደሉ ነፋሱን እንደፈለገው ይጠመዝዘዋል፣ እዚያ ካርታውን ጭራሽ አልመካበትም። ስለዚህ ሰው ስታስወጡ ወደ ወንዙ አትስደዱ። ከጋዙ መንገድ በጎን አውጥታችሁ፣ ነፋሱ ወደሚነሣበት አቅጣጫ፣ ወደ ዳገቱ ውሰዷቸው። ከቀለሙ ውጭ ያሉትን ነጠብጣብ መስመሮችም አትናቋቸው። ነፋሱ ቢወላውል ጋዙ ሊደርስበት የሚችለው ዳር ያ ነው፤ ነፋሱ ሲደክም ደግሞ በጣም ይሰፋል።

የነፋስ መለኪያችሁን ፎቶ ሳይ ስቄያለሁ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው የተቸነከረው! እዚያ የምትለኩት የቤቱን ጥላ ነው። ደግሞ ያ ከገበያ የሚገዛ የፕላስቲክ ዕቃ ያረጃል፤ ኩባያዎቹ መሽከርከር ሲከብዳቸው ነፋሱን አሳንሶ ያነባል። ሜዳ ላይ ቧንቧ ተክላችሁ ስቀሉት፣ ከፍታውንም በሜትር ለክታችሁ ለፕሮግራሙ ንገሩት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ቫልቩ ነው። ማሸጊያው ከጎማ የተቆረጠ ጓርኒሲዮን! ክሎሪን የሚፈልገው እርሳስ ነው፤ በተፈታ ቁጥር አዲስ ይገባለታል። አሮጌው አይመለስም። ለሳንቲም ሲሉ የከተማውን ሰው በሳል ይፈጃሉ። ስትቀይሩም የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር ያላዘለ ሰው አይቅረብ፤ እርጥብ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማሰር አያድንም። የሚሾልክበት ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ አሲድ ሆኖ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ድንገት ካመለጣችሁም ደግሜ እላለሁ፣ ቁልቁል አትሩጡ፣ ወደ ወንዙ አትውረዱ።

ሰዓቱን ካስተካከላችሁ በኋላ ያንኑ የታኅሣሥ ማታ እንደገና አስሉና ማጠቃለያውን ላኩልኝ። ጓርኒሲዮኑን ግን መልሴን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አስቀይሩ።