ያለ ጸሎት የሚደረግ ቀብር፦ ከመፈረማችሁ በፊት

በውጭ አገር ሃይማኖት የሌለው ወገናችን ሲሞት ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው በቤተሰብ መካከል ነው። አንዱ ካህን ይጠራ ይላል፣ ሌላው የሟች ቃል ይከበር ይላል፣ ሟች ግን በጽሑፍ ያስቀረው ነገር የለም። ስለዚህ ቀብሬ ያለ ጸሎት ይሁን የምትሉ ዛሬውኑ ጻፉት። ኑዛዜ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ብዙ ጊዜ ኑዛዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። በእንግሊዝ የቀብር ምኞታችሁ በራሱ በሕግ አያስገድድም፤ ወሳኙ የኑዛዜ አስፈጻሚያችሁ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ስለ አስከሬናችሁ የሚወስን ሰው በፎርም መወከል ይቻላል። የግድ የቅርብ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም፤ ዘመድ ሲቆጣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ምረጡ።

ፊውነራል ሆም (የቀብር አገልግሎት ድርጅት) ስትመርጡ ደግሞ አትቸኩሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዋጋ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፣ "ለእናቴማ አልሰስትም" ይልና የቀረበለትን ይፈርማል። እባካችሁ፣ ቢያንስ 3 ቦታ ይደወል፤ ደዋዩም ሐዘኑ ያልጠናበት ጓደኛ ይሁን። በአሜሪካ ከ1984 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት ዋጋ በስልክ ሊነግሯችሁ፣ በአካል ስትሄዱም የእያንዳንዱን አገልግሎት ዋጋ ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር በእጃችሁ ሊሰጧችሁ ይገደዳሉ። ሣጥኑን ከሌላ ቦታ ብትገዙ አንቀበልም ማለትም ሆነ በዚህ ምክንያት ማስከፈል አይችሉም። በብሪታንያ ከ2021 ወዲህ ዋጋቸውን በቢሯቸውና በዌብሳይታቸው ማሳየት ግዴታቸው ነው። "ፓኬጁ ይሄ ነው" ሲሏችሁ የማትፈልጉትን አስወጡ።

ስልኩን ሳትዘጉ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ሃይማኖታዊ ያልሆነ ቀብር አስፈጽማችሁ ታውቃላችሁ? ማን ነው የሚመራው?" በደፈናው "እናመቻቻለን" ካሉ ሌላ ፈልጉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚመራውን ይጠቁማችኋል፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው መስቀል ይነሳ ወይም ይሸፈን እንደሆነም ራሱ ያነሳላችኋል። በብሪታንያ ሂውማኒስትስ ዩኬ የተባለው ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች ማኅበር ያሠለጠናቸው ሴሌብራንቶች (ሥነ ሥርዓት መሪዎች) አሉ፤ ከቤተሰብ አንድ ረጋ ያለ ሰው ቢመራውም ችግር የለውም። አስከሬኑ የሚቃጠል ከሆነና ሟች ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ከነበረው ገና ስትደውሉ ተናገሩ። እሳት ውስጥ ስለሚፈነዳ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ጸሎቱ ሲቀር ፕሮግራሙ ባዶ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ። እንዲያውም የሚያጥረው ሰዓቱ ነው። ክሪማቶሪየም (አስከሬን የሚቃጠልበት ቦታ) ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መግቢያና መውጫውን ጨምሮ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ከእናንተ ቀጥሎ ሌላ ቤተሰብ በር ላይ ይጠብቃል። የሕይወት ታሪኩን አንድ ሰው ያንብብ፣ ሁለት ሰው ይናገር፣ እያንዳንዳቸው ከ5 ደቂቃ አይለፉ፤ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥተው ሰዓት እየያዙ ይለማመዱት፣ ምክንያቱም እንባ ሲጨመርበት ይረዝማል። የአማርኛ ዘፈን ከፈለጋችሁ ሲስተማቸው ላይ ላይኖር ስለሚችል ፋይሉን ቀድማችሁ ላኩ፣ መክፈቱንም አረጋግጡ።

አማኝ ዘመዶችን ግን አትግፏቸው። መሃል ላይ 2 ደቂቃ ዝምታ ያዙ፣ የሚጸልይ በልቡ ይጸልይ፤ የሟችም ቃል አይፈርስም። ይህንንም ከቀብሩ በፊት አንድ በአንድ ደውላችሁ ንገሯቸው፤ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ካህን ሲያጡ እንዳይደነግጡ።