መልስ፦ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የሂስፓኒክ ባህል በእጅ ሥራ

እህቴ፣ በአሜሪካ ለሚከበረው የሂስፓኒክ ቅርስ ወር (ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15) ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችሽ የሚሆን የእጅ ሥራ ጠይቀሻል። ሶምብሬሮ (የሜክሲኮን ሰፊ ባርኔጣ) ማስቀባቱን እባክሽ ተይው፤ ሂስፓኒክ ማለት ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የመጣ ሁሉ ነው እንጂ ሜክሲኮ ብቻ አይደለም። አገሩን በስሙ ጠርተሽ፣ አንድ ሥራ ላይ ቆዪ።

እኔ የምወደው የሜክሲኮውን ፓፔል ፒካዶ ነው፤ «የተበሳ ወረቀት» ማለት ነው፣ በክር ተደርድሮ የሚሰቀል ጌጥ። በፑዌብላ ግዛት፣ ሳን ሳልቫዶር ዊሽኮሎትላ በምትባል ከተማ ባለሙያዎቹ ብዙ ስስ ወረቀት ደራርበው በመሮና በመዶሻ ይበሱታል። ለልጆቹ መቀስ ይበቃል። ባለቀለሙን ስስ ወረቀት ሦስት ጊዜ ይጠፉት፤ ከዚያ ካለፈ እጃቸው አይችለውም። በእጥፉ በኩል ግማሽ ልብ፣ ግማሽ አበባ ይቁረጡ። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሳይነኩ ይተዉ፤ ክሩ ላይ ታጥፎ በኮላ የሚጣበቀው እሱ ነው። ሲዘረጉት ግማሿ ልብ ሙሉ ሆና ስትወጣ ፊታቸውን እዪ!

ጊዜ ከተረፈሽ ጉና የሚባሉት የፓናማ ነባር ሕዝብ ሴቶች ለሸሚዛቸው የሚሠሩትን ሞላ ጨምሪ፤ እነሱ ጨርቅ ደርበው የላዩን እየቆረጡ የሥሩን ቀለም ያወጣሉ፣ ልጆቹ በሦስት ቀለም ወረቀት ይሞክሩት። ክፍልሽ ውስጥ ከነዚህ አገሮች የመጣ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ወላጆቹን አስቀድመሽ አማክሪ፤ ቤታቸው ምን እንደሚሰቅሉ፣ መቼ እንደሚሰቅሉ ከእነሱ የተሻለ የሚነግርሽ የለም።