የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩበት ምክንያት ይኑራቸው

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንዲናገሩ ምን ዓይነት ሥራ ይሰጣቸው? ጉዳዩ የብዙ መምህራንና ተማሪዎች ጭንቀት በመሆኑ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ኮርስ አስተምራለሁ። በአንድ ሴክሽን 60 ያህል ተማሪዎች አሉኝ፤ ዴስኮቹም ከወለሉ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሞጁሉ «በቡድን ተወያዩ» ባለ ቁጥር ቡድን እመድባለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ጎበዞች ጥቂት ተነጋግረው መልሱን ይጽፉታል፣ የቀሩት ስልካቸውን ይነካካሉ ወይም በአማርኛ ሌላ ጨዋታ ይይዛሉ። ክርክርም ሞክሬአለሁ፤ ከአራቱ ተከራካሪዎች በቀር ድምፁ የተሰማ ተማሪ አልነበረም። ጥፋቱ የማን ነው? የእነሱ ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእነሱም የእርስዎም አይመስለኝም፤ የሥራው ነው። «በማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምና ጉዳት ላይ ተወያዩ» የተባለ ተማሪ ከጎኑ ከተቀመጠው ጓደኛው የሚፈልገው አንዳች ነገር የለም። እሱ የሚያውቀውን ጓደኛውም ያውቃል፤ መልሱንም አንድ ሰው ብቻውን ሊጽፈው ይችላል። ሰው በየትኛውም ቋንቋ የሚናገረው የሚጠይቀው ወይም የሚያስታውቀው ጉዳይ ሲኖረው ነውና፣ ያ በሌለበት ክፍሉ ዝም ቢል ሊያስደንቀን አይገባም። ስለዚህ ማንኛውንም የንግግር ሥራ ከማዘዝዎ በፊት፣ ይህ ተማሪ ጓደኛውን ሳያናግር ሥራውን መጨረስ ይችል እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የሚችል ከሆነ ሥራውን ይለውጡት።

ሕንዳዊው የቋንቋ ትምህርት ምሁር ኤን. ኤስ. ፕራቡ፣ ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንድ በተካሄደውና የባንጋሎር ፕሮጀክት በሚል ስም በሚታወቀው ሙከራ፣ የክፍል ሥራዎችን በሦስት ወገን ከፍለው አይተዋቸው ነበር። የመጀመሪያው አንዱ የያዘውን መረጃ ሌላው የማያውቅበት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከተሰጠ መረጃ ተነሥቶ አመዛዝኖ ወደ አዲስ ድምዳሜ መድረስን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሦስተኛው የግል ስሜትንና አቋምን የሚያስገልጽ ነው። በእኛ ክፍሎች የተለመደው ከሞላ ጎደል ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። ለጀማሪ ተናጋሪ ግን ከሦስቱ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል፤ ሐሳቡንም ቃላቱንም በአንድ ጊዜ ከራሱ ማመንጨት አለበትና።

አንድ ሥራ በዝርዝር ላሳይዎ። አራት ተማሪዎች የቡድን አሳይመንት ለመሥራት በሳምንቱ ውስጥ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ላይብረሪ መገናኘት ይፈልጋሉ እንበል። ለእያንዳንዳቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ፕሮግራማቸውን የምታሳይ ትንሽ ወረቀት ይስጧቸው። አንዱ ማክሰኞ ጠዋት ላብ አለው፤ ሌላዋ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ቀጠሮ አላት፤ ሦስተኛው ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ይወጣል፤ አራተኛዋ ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ ትምህርት ላይ ናት። አራቱም ነጻ የሚሆኑበት ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲሆን አድርገው ያዘጋጁት። ሕጉም ወረቀትን ለጓደኛ ማሳየት ክልክል ነው የሚል ነው። እንግዲህ ጎበዙ ተማሪ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም፤ የዝምተኛዋ ተማሪ መረጃ ካልተሰማ የቡድኑ መልስ ይሳሳታልና ሌሎቹ ራሳቸው እየጠየቁ ያናግሯታል። «አር ዩ ፍሪ ኦን ቱዝደይ?»፣ «ኖ፣ አይ ሃቭ ኤ ላብ አንቲል ኢለቨን»፣ «ዋት አባውት አፍተር ላንች?» የሚሉ አጫጭር ንግግሮች ከየዴስኩ ይሰማሉ። ከአራቱ ወረቀቶች ሁለቱን በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ሁለቱን በውጭው አቆጣጠር ቢጽፏቸው ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይጠነክራል፤ አንዱ «ስሪ ኦክሎክ» ሲል ሌላው ጠዋት ይሁን ከሰዓት ለማጣራት መልሶ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ያልገባን ነገር በዚያው ቋንቋ አጣርቶ መግባባት ደግሞ ከንግግር ችሎታ ዋነኛው ክፍል ነው።

ክርክሩን በተመለከተ፣ «ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር» የመሰለው ርእስ ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሲሰማው ያደገው ስለሆነ መልሱን አስቀድሞ በቃሉ ይዞት ይመጣል፤ አራት ሰዎች ሲናገሩም 56ቱ አድማጮች ናቸው። በምትኩ ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ይስጧቸው። ለምሳሌ አንድ የተማሪዎች ክበብ 30,000 ብር አለው፤ አምስት ጥያቄዎች ቀርበውለታል፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለሁለቱ ብቻ ነው። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ አባል የአንዱን ጥያቄ ዝርዝር ወጪና ምክንያት በወረቀት ይዞ ያስረዳል፤ በመጨረሻም ቡድኑ በአንድነት ይወስናል። በዚህ ጊዜ 60ውም ተማሪዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኖራቸዋል።

ስሌቱንም አስቡት። በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ተማሪዎች በተራ ቢናገሩ ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ20 ደቂቃ ቢነጋገሩ ግን እያንዳንዱ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ የመናገር ዕድል ያገኛል። ዴስኮቹ አለመንቀሳቀሳቸው ይህን አይከለክልም፤ በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ረድፍ ያሉት ወደ ኋላ ዞረው ከሚቀጥለው ረድፍ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ጫጫታ መኖሩ አይቀርም፤ ለአጎራባች ክፍል መምህር አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው።

በአማርኛ ማውራታቸውን ስላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። በዝግጅት ጊዜ በሚቀላቸው ቋንቋ ቢመካከሩ ክፋት አይታየኝም፤ ንግግሩ ሲጀመር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን። በአንድ ቡድን ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ሊኖር ይችላል። ወሬው ወደ አማርኛ ሲያዘነብል አማርኛ የማይቀናው ተማሪ ከነጭራሹ ከሥራው ውጭ ይሆናል፤ ይህንን ለተማሪዎቹ በግልጽ ቢነግሯቸው ይረዳሉ። የዝግጅት ጊዜውንም አይሠሥቱባቸው። ፖሊን ፎስተርና ፒተር ስኬሃን በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሥራው በፊት 10 ደቂቃ የማሰቢያ ጊዜ ያገኙ ተማሪዎች ካላገኙት ይልቅ በተሻለ ቅልጥፍናና ውስብስብ በሆኑ ዐረፍተ ነገሮች ተናግረዋል። በእኛ ክፍል ሦስት ወይም አራት ደቂቃም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፤ ንባብም አይከብደኝም። ፕሬዘንቴሽን ሲመጣ ግን የድርሻዬን ጽፌ በቃሌ እይዛለሁ፤ አንድ ቃል ከጠፋብኝ የቀረውም ይጠፋል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቃል አሳስቼ ስጠራ ክፍሉ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል እጄን አውጥቼ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የገጠመሽ ነገር የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ የመናገር ችሎታ አይለካበትም፤ የማይፈተን ነገር ደግሞ በክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። አንቺ በብዙ ዓመት ጥረት ያዳበርሽው መልሱን ለይቶ ማወቅን ነው፤ አሁን የጎደለሽ የመናገር ልምምድ ብቻ ነው፤ እሱም በልምምድ ይሞላል።

ጽሑፉን በቃል መያዙን ተዪው። በቃል የተያዘ ንግግር እያንዳንዱ ቃል ቀጣዩን እየጎተተ የሚወጣ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበጠስ የተቀረውን ማግኘት ያስቸግራል። በምትኩ በትንሽ ካርድ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ቁልፍ ቃላት ብቻ ጻፊ፤ ዐረፍተ ነገሩን በተናገርሽ ቁጥር እንደ አዲስ ሥሪው። ከዚያም ኪት ሞሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን ልምምድ ዶርም ውስጥ ሞክሪው። ያንኑ ርእስ ለአንዷ ጓደኛሽ በ4 ደቂቃ፣ ለሁለተኛዋ በ3 ደቂቃ፣ ለሦስተኛዋ በ2 ደቂቃ ትነግሪያለሽ። አድማጯ በየጊዜው መለወጧ ግድ ነው፤ ጉዳዩን ያልሰማ ሰው ስታናግሪ ንግግርሽ የምር ማስረዳት ይሆናል። ሐሳቡ ያው ስለሆነ አእምሮሽ ምን ልበል ከሚለው ጭንቀት ይላቀቃል፤ ሰዓቱ እያጠረ ሲሄድ ማመንታቱ ይቀንሳል። በሦስተኛው ዙር አንዳንድ ሐረጎች ሳታስቢያቸው ሲወጡ ታያለሽ።

ቃል ሲጠፋብሽ ዝም ከማለት ይልቅ ጊዜ የሚሰጡሽን አባባሎች አዘጋጂ። «ሌት ሚ ፑት ኢት አናዘር ዌይ» ብለሽ በሌላ መንገድ ማስረዳት የማንኛውም ተናጋሪ መብት ነው። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል አለ፤ ግሬድ የማይያዝበት ልምምድ ስለሚገኝበት በዲፓርትመንትሽ በኩል ጠይቂ።

የሳቁን ነገር ግን ለአንቺ ብቻ መመለስ አልፈልግም። በተማሪ አነጋገር መሳቅ በአንድ ቀን አንድን ሰው ለሴሚስተር ዝም ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ይህን ዓምድ የሚያነቡ መምህራን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ክልክል መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩና ሲከሠትም በዝምታ እንዳያልፉት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ተማሪውን መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ ቀጥሎ በአራት ሰው ቡድን ውስጥ፣ በመጨረሻ በክፍሉ ፊት እንዲናገር ማድረግም ፍርሃቱን ያቀልለታል። ገና በሁለተኛው ሳምንት ብቻውን ሰሌዳ ፊት ማቆም ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ ተማሪ እየተናገረ ሲሳሳት ወዲያው ማረም ይሻላል ወይስ ዝም ማለት? በዲፓርትመንታችን በዚህ ጉዳይ በሁለት ወገን ተከፍለናል።

መልስ፦ ተማሪዎቹ ሥራውን እየሠሩ ሳሉ አያቋርጧቸው። በዴስኮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ያዳምጡና ስሕተቶቹን በማስታወሻዎ ይያዙ፤ ሥራው ሲያበቃ አምስት ያህል ዐረፍተ ነገሮችን ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፈው ጥንዶቹ ራሳቸው እንዲያርሟቸው ያድርጉ። በመላው ክፍል ፊት ሲነጋገሩ ግን ወዲያው ማረም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ የሚወስነው አስተራረሙ ነው።

ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በካናዳ ፈረንሳይኛ በሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍሎች አድርገውት በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን አብዝተው የሚጠቀሙበት ዘዴ የተማሪውን ዐረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገር እንደሆነ፣ ነገር ግን ተማሪው እርማቱን አንሥቶ እንዲጠቀምበት በማድረግ ረገድ ከዘዴዎቹ ሁሉ ደካማው ይኸው እንደሆነ አሳይተዋል። በእኛም ክፍል የሚታይ ነው። ተማሪው «ሂ ሴድ ሚ ቱ ካም» ይላል፤ መምህሩ «ኦ፣ ሂ ቶልድ ዩ ቱ ካም?» ሲሉት «የስ» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። መምህሩ ስለ ጉዳዩ የጠየቁት እንጂ ያረሙት አልመሰለውም። በምትኩ ዐረፍተ ነገሩን እስከ «ሂ» ድረስ ብቻ ደግመው ጥቂት ሰከንዶች ቢጠብቁት፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያስተካክለዋል። አጠራርን በተመለከተ መግባባትን የሚያውከውን ብቻ ያርሙ፤ ተማሪው እንደ አሜሪካዊ ወይም እንደ እንግሊዛዊ እንዲናገር መጠየቅ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ንግግርን ለ60 ተማሪዎች በምን መንገድ ግሬድ ልስጥ? እስካሁን የማውቀው የቡድን ፕሬዘንቴሽን ነው፤ እሱም ማን ምን እንደሚችል አያሳየኝም።

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ አምስት ሰዎች በየተራ አንድ አንድ ስላይድ ሲያነቡ የሚታየው ንባብ ነው። ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይፈትኗቸው። ለአንድ ጥንድ 5 ደቂቃ ቢመድቡ 30 ጥንዶች 150 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ ይኸውም ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው። ጥንዱ በር ላይ አንድ ጉዳይ በዕጣ ያወጣል፣ ቀዳሚዎቹ እስኪጨርሱ ያስባል፣ ከዚያ ገብቶ እርስ በርሱ ይነጋገራል፤ እርስዎ ያዳምጣሉ እንጂ ጠያቂ አይሆኑም። የቀሩት ተማሪዎች በዚያው ጊዜ የጽሑፍ ሥራ ይሠራሉ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ካላገኙ፣ ጥንዶቹ ንግግራቸውን በአንድ ስልክ ቀድተው በቴሌግራም ሊልኩልዎ ይችላሉ፤ ለጥንዱ አንድ ስልክ ስለሚበቃ ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ አይጎዳም። ጉዳቱ ግን ብዙዎቹ ጽፈው ያነቡታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥንዶችን ቢሮ ጠርተው ስለ ተናገሩት ጉዳይ አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቋቸው።

ነጥቡን ከ10 ከያዙት፣ 3ቱን ለጓደኛ ንግግር ተገቢ ምላሽ ለመስጠት፣ 3ቱን ለመግባባት፣ 2ቱን ለቅልጥፍና፣ 2ቱን ለሰዋስውና ለቃላት ቢመድቡ ሰዋስው ሌላውን አይውጠውም። ነጥቡ ለየግል ይሰጥ እንጂ ለጥንዱ በጋራ አይሁን። መስፈርቱንም ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያሳውቋቸው፤ ለጓደኛ ምላሽ መስጠት ነጥብ እንዳለው ያወቀ ተማሪ ተራውን እየጠበቀ ከመቀመጥ ይልቅ ጓደኛው የሚለውን ማዳመጥ ይጀምራል።