ብር ሲወርድ አልጋ ይሞላል? የሆቴል ሰው መልሶች

ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ሽያጭ ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ገበያው ለምን አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ እንደሚል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው።

ጥያቄ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ሆቴሎች ብር አፈሱ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በ100 ዶላር የምንሸጠው ክፍል 5,700 ብር ያስገባ የነበረው ከ10,000 በላይ ማስገባት ጀመረ። ደስ ይላል። ግን እንግዳው ያው ነው። ፈረንጅ ብር ረከሰ ብሎ አውሮፕላን አይሳፈርም። ደግሞ የአሳንሰሩ መለዋወጫም የባሩ ውስኪም በዶላር ነው የሚገባው። የጀነሬተሩ ናፍጣ ሲጨመርማ አታንሱት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰው የሚያመጣው ምንድን ነው?

መልስ፦ አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ በዋጋ የሚከራከር የለም፤ አልጋ ማግኘቱ ራሱ እድል ነው። ጉባኤው ባለቀ ማግስት ሎቢው በሻንጣ ይሞላል፣ ከሰዓት ጭር ይላል።

ሌላው የኤንጂኦ ስልጠና ነው። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ቢሮዬ ውስጥ ስልኩ አላርፍ አለ፤ ሁሉም "ሰርዙልን" ነው። አርባ ሰው ለአምስት ቀን ሲቀር አልጋው ብቻ አይደለም የሚቀረው። አዳራሹ አለ፣ ምሳው አለ፣ በቀን ሁለቴ ሻይ ቡናው አለ። በስብሰባ ቀን ብቻ የምንጠራቸው አስተናጋጆች ያን ወር ቤታቸው ዋሉ።

ጥያቄ፦ ላሊበላስ? ዋጋ ቢቀንሱ አይሻላቸውም?

መልስ፦ እዚያ የቸገረው ሰላም ነው። በ2013 ጦርነቱ መጣ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት። መንገዱን የፈራ ቱሪስት በነፃ እደር ብትለውም አይመጣም። ለገና ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ግን አብዛኛው ምእመን ሆቴል አይገባም።

ጥያቄ፦ የአገር ውስጥ እንግዳ ኑሮ ሲወደድ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም፣ አያድርም እንጂ! ቢሾፍቱን እዩ። ቅዳሜ ገብቶ እሁድ ይወጣ የነበረው ቤተሰብ አሁን ጠዋት ሄዶ ማታ ቤቱ ይገባል። ልጆቹን ያስዋኛል፣ ክትፎውን ይበላል፣ አልጋውን ይተዋል።

ጥያቄ፦ ባዶ ከሚያድር ለምን በርካሽ አትሸጡትም?

መልስ፦ እንሸጣለን፤ ጮክ ብለን አናወራውም እንጂ። ዛሬ ያልተሸጠ አልጋ ነገ አይሸጥም። ግን የተለጠፈውን ዋጋ ከቀነስን ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች ሁሉ "ለእኛም" ይላሉ። ስለዚህ በክረምት፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ደውሉና "መጨረሻው ስንት ነው?" በሉ። የካቲት ላይ ግን አትሞክሩት።